«ንብ ነው» ያለችው ልጅ

ልዑልቃል እጇን ያዛት።

በቃ፣ ያዛት። ለሰላምታ አይደለም፣ ደብተር ሲያቀብላትም አይደለም። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ካለው ቧንቧ አጠገብ፣ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት ቦታ፣ የኑኃሚንን ቀኝ እጅ ግራ መዳፉ ላይ አሳረፈና የሹራቧን እጅጌ ቀስ አድርጎ ወደ ላይ ሰበሰበላት። ከዚያ ከትንሽ ክብ ቆርቆሮ ቢጫ ቅባት በጣቱ ጠንቆል አድርጎ አንጓዋ ላይ ይቀባላት ጀመር። ክብ ክብ እያደረገ፣ ተጠንቅቆ፣ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ ትንሽ አውጥቶ፣ ልክ የሥዕል ፈተና ላይ እንዳለ ልጅ።

ኑኃሚን መተንፈስ ረሳች። ምን ልበላችሁ፣ ዘጠነኛ ክፍል ከገባች ጀምሮ ከኋላው ተቀምጣ የማጅራቱን ፀጉር ስትቆጥር የምትውልበት ልጅ ነው እኮ። ሒሳብ የወደቀችውም በሱ ማጅራት ምክንያት ነው።

«ካቃጠለሽ ንገሪኝ» አላት።

«አያቃጥልም።»

ያቃጥል ነበር። ትንሽ። ግን በዚያች ደቂቃ ፍም ላይ ቢያስቀምጧትም «ደስ ይላል» ነበር የምትለው።

«አያቴ ነው የላከልሽ። ሰም አለበት፣ ማር አለበት፣ ደግሞ ያ ንቦቹ የቀፎውን ስንጥቅ የሚደፍኑበት ሙጫ የለም? እሱም አለበት። ራሱ ነው ያቀለጠው። ‹ለዚያች ልጅ ስጣት፣ ይቅርታ በልልኝ› ብሎኛል።»

ይቅርታ የሚለው ቃል ሲመጣ ዓይኗን ከፊቱ አንስታ ቧንቧው ላይ ተከለች። ምክንያቱም እዚያ ቧንቧ አጠገብ ይቅርታ የሚያስጠይቅ ሥራ የሠራች አንዲት ሰው ብትኖር እሷው ነበረች።

የሚያስደስተው ይኼ ነበር፣ አለቀ። የቀረው እንደዚህ አይደለም።

ኑኃሚን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ችፌ አለባት። ይመጣል፣ ይሄዳል። ሲመጣ አንጓዋና የክርኗ እጥፋት ይቀላል፣ ይሻክራል፣ ሲብስበት ውሃ ይቋጥራል። ማሳከኩን ላልያዘው ሰው ማስረዳት አይቻልም። የምታኪው አንቺ አትመስዪም፣ እጅሽ በራሱ ሄዶ ነው የሚያክከው። ሲሄድ ደግሞ ጭርሱን ኖሮ የማያውቅ ይመስላል።

ስድስተኛ ክፍል እያለች አብራት የምትቀመጥ ልጅ ነበረች። አንድ ቀን የኑኃሚንን አንጓ አየችና ወደ ዴስኩ ጫፍ ተንሸራተተች። በነጋታው ሶፍት ይዛ መጥታ ዴስኩን ጠርጋ ተቀመጠች። ምንም አላለችም። መጥረግ ብቻ። ስድብ ቢሆን ኑኃሚን መልስ ነበራት፤ ለሶፍት ግን መልስ የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፀሐይም ቢወጣ ሹራብ ነው፣ ስፖርት ክፍለ ጊዜም ሹራብ ነው። እጅጌው እስከ ጣቷ ጫፍ ይወርዳል።

ታዲያ አንድ ቀን ስፖርት ሮጠው ሲመለሱ በላብ ራሰችና ሳታስበው እጅጌዋን ሰበሰበች። ልዑልቃል ውሃ ሊጠጣ አጎንብሶ ነበር። ቀና ሲል አየው።

«እንዴ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

ሶፍቱ ትዝ አላት። ሌላ ምንም አልታያትም፣ ሶፍቱ ብቻ።

«ንብ ነው» አለች።

እዚህ ቦንጋ «ንብ ነው» ካላችሁ ሁለተኛ የሚጠይቃችሁ የለም። ንብ የትም አለ። ግን ውሸት አንድ ጊዜ ከተጀመረ አፍ ዝም አይልም አይደል፣ ቀጠለች። «ከገበያው በላይ ባለው መንገድ፣ አጥሩ ውስጥ ቀፎ ያለው ግቢ የለም? በዚያ ሳልፍ ነው። ነፍ ናቸው እኮ። ሰው ሳይነካቸው ይነድፋሉ።»

ልዑልቃል አፉን በእጅጌው ጠረገ። «የኛ ግቢ ነው» አላት።

ይህን ለጓደኛዋ ለብርቅዬ ስትነግራት ብርቅዬ የሳቀችው ሳቅ። ብርቅዬ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ችፌውን ታውቃለች። አንዳንዴም ሲያሳክካት በደብተር ታራግብላታለች።

«ቆይ፣ ንቦቹ የክርን እጥፋት ብቻ ነው የሚያውቁት? በሁለቱም እጅ? እኩል በእኩል?»

«ብርቅዬ፣ እባክሽ።»

«አይ፣ የተማሩ ንቦች ናቸው ማለት ነው። በማስመሪያ ነው የሚነድፉት።»

ኑኃሚንም ሳቀች። ያኔ ገና ያስቅ ነበር።

የቀፎዎቹ ባለቤት የልዑልቃል አያት ጋሽ ባፈና ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ማንኪራ ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ ቀፎ ሲሰቅሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ጉልበታቸው እምቢ ሲል፣ ዓይናቸውንም ሞራ ሲጋርደው ልጃቸው እትዬ ህይወት፣ የልዑልቃል እናት፣ ወደ ቦንጋ አመጣቻቸው። «ንቦቼን ይዤ ከሆነ» ብለው ነው እሺ ያሉት። ስለዚህ ግቢው ጥግ፣ እንሰቱ ሥር፣ ድንጋይ ላይ የተቀመጡ የሣጥን ቀፎዎች አሏቸው። ዓይናቸው ባያይም ጆሯቸውን ቀፎው ላይ ለጥፈው ንቦቹ ተርበው እንደሆነ፣ ተቆጥተው እንደሆነ፣ ንግሥቲቱ ደህና እንደሆነች ይናገራሉ። ጠዋት ጠዋት በአካባቢው ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ ያወሯቸዋል። ይህን ሁሉ ለኑኃሚን የነገራት ልዑልቃል ነው፣ ቅባቱን እየቀባት።

አዎ፣ መቀባቱ ቀጠለ። ቆርቆሮውንም ሰጣት። «ጠዋትና ማታ» አላት።

እሷም ጠዋትና ማታ ተቀባች። እንደውም ማታ ሁለቴ። ክዳኑን ስትከፍተው የሱ ጣት ያለፈበት ቦታ አለ፣ በዚያ በኩል አልነካችውም፣ እንዳይጠፋ። ለሱ ጥሩ ጥሩ ለመሽተት ደግሞ ሱቅ ሄዳ የጽጌረዳ ሽታ ያለው ሮዝ ሳሙና ገዛች። በፈላ ውሃ ትታጠባለች፣ ትቀባለች፣ ከላይ ሹራቡን ትጎትታለች። ሳምንት ሳይሞላ ክንዷ ከአንጓ እስከ ክርን ቀይ ሆነ። ውሃ ቋጠረ። ስትተኛ በጨርቅ ትጠቀልለዋለች፣ ስትነሳ ጨርቁ ተጣብቆ ይጠብቃታል። እንግዲህ ምን ትላለች? ተቀባች። አብዝታ ተቀባች።

ልዑልቃል ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«እንደገና ነደፉሽ?»

እዚህ ላይ «አይ» ማለት ትችል ነበር። በሩ ክፍት ነበር እኮ። ግን እጇን ይዟታል፣ በሐዘን ነው የሚያያት፣ እንደዚያ ያያት ሰው የለም። ራሷን ነቀነቀች። አዎ ማለቷ ነው።

«በሌላ መንገድ ለምን አትሄጂም?»

«ይረዝምብኛል።»

«አያቴ እህል አልበላም አለ፣ ታውቂያለሽ? ‹ንቦቼ ሰው አይነኩም፣ ምን ሆነው ነው› ይላል።»

ኑኃሚን እጅጌዋን አወረደች።

በማግስቱ ከአልጋ መነሳት አቃታት። ክንዷ አብጦ፣ ትኩሳትም ነካክቷት፣ እናቷ ብርድ ልብሱን ገልጣ ስታይ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። እናቷ እትዬ በዛወርቅ ልብስ ሰፊ ናት። እንደልማዷ አልጮኸችም። የኑኃሚንን ጫማ አቅርባ ገመዱን አሰረችላትና ወደ ሕክምና ይዛት ሄደች።

እዚያ ያገኟት ሲስተር አብርሆት ትባላለች። ወፍራም፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ክንዷን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ አየችው።

«ችፌ ነው። ከድሮም አለብሽ አይደል? ግን የሆነ ነገር ቀስቅሶታል። ምንድን ነው የምትቀቢው?»

«ምንም።»

«ምንም የማይቀባ ሰው እንዲህ ማር ማር አይልም፣ የኔ እመቤት።»

እናቷ ዞር አለች። ኑኃሚን ከኪሷ ቆርቆሮውን አወጣች። ስታወጣው ልብ ከደረት የምታወጣ ነበር የሚመስላት። ሲስተር አብርሆት ከፍታ አሸተተችው፣ ውስጡ ምን እንዳለ ጠየቀች፣ ኑኃሚንም ነገረቻት።

«ሙጫው ነው የምጠረጥረው» አለች ሲስተር። «መጥፎ ነገር ሆኖ አይደለም፣ ብዙ ሰው ተቀብቶት ምንም አይለውም። ያንቺ ቆዳ ግን ደረቅ ነው፣ ስንጥቅጥቅ ያለ፣ ባዕድ ነገር ቶሎ ይገባዋል፣ ቶሎ ይቆጣል። አንዳንድ ሰው ላይ የንብ ሙጫ እንዲህ ያደርጋል። ማን ሰጠሽ?»

«ጓደኛዬ።»

«ጓደኛሽ ክፉ አላሰበም። ግን ይቅርብሽ። ሳሙናሽስ ይሸታል?»

«ጽጌረዳ ነው።»

«እሱም ይቅር። ሽታ የሌለው። ውሃውም ለብ ያለ ይሁን፣ የፈላ ውሃ ያለሽን ወዝ አጥቦ ነው የሚሄደው። ከታጠብሽ ቆዳሽ ሳይደርቅ ነጭ ቫዝሊን፣ በደንብ። ይኼ ሹራብ ባዶ ክንድሽ ላይ ነው የሚውለው?»

«ዩኒፎርም ነው።»

«ሰውነቷን ሲፈገፍጋት ይውላል፣ ሲሞቃት በላብ ትቀቀላለች፣ ላቡ ደግሞ ያሳክካታል» አለች ሲስተር ለእናቷ። እትዬ በዛወርቅ ወዲያው የሹራቡን እጅጌ ገልብጣ ስፌቱን ማየት ጀመረች። «የጥጥ ገበር አደርግለታለሁ። ልብሷንም ሁለቴ አለቀልቀዋለሁ፣ ሳሙናው እንዳይቀርበት። ለምን እስከ ዛሬ አላሰብኩትም?» ድምጿ ትንሽ ተሰበረ። የራሷ ልጅ፣ የራሷ መርፌ።

ኑኃሚን ጫማዋን እያየች «ሲስተር፣ ይተላለፋል?» አለች።

«ምኑ?»

«ይኼ። ሰው ቢነካኝ። የተቀመጥኩበት ቢቀመጥ።»

ሲስተር አብርሆት እስክሪብቶውን አስቀመጠች። ከዚያ የኑኃሚንን የቆሰለ ክንድ በባዶ እጇ ያዘችው፣ ያለ ጓንት። «አይተላለፍም። ማንም ላይ። ይህን ጥያቄ ስንት ዓመት ይዘሽው ዞርሽ?»

ኑኃሚን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ብትመልስ ታለቅስ ነበር።

«ጭንቀትም ይቀሰቅሰዋል» አለች ሲስተር መድኃኒቱን እየጻፈች። «ፈተና ደረሰ እንዴ?»

«አይ።»

«ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል?»

«ምንም።»

«እሺ። ምንም።» ቀና ብላ አየቻትና ሌላ አልጠየቀችም።

ኑኃሚን አንድ ሳምንት ከቤት ቀረች። የታዘዘላትን ቅባት ተቀባች፣ ቫዝሊኑን ተለቀለቀች፣ ጥፍሯን አሳጥራ ቆረጠች፣ ሲያሳክካት በእርጥብ ጨርቅ ጫን ታደርገዋለች። እናቷ ከአቡጀዲ ገበር ሰፍታ ሹራቡ ውስጥ አስገባችላት። ቅላቱ እየደበዘዘ፣ እየደበዘዘ መጣ። ስትነሳ ጨርቁ አልተጣበቀም። እስቲ አስቡት፣ ይኼ ሁሉ ጊዜ ይቻል ነበር ማለት ነው።

ትምህርት ቤት የተመለሰች ቀን እየዘለለች ነው የሄደችው። ልዑልቃል በር ላይ ቆሞ ሲጠብቃት አገኘችው። ክንዷን አይቶ እስከ ጆሮው ፈገግ አለ።

«አየሽ? አላልኩም? ከሄዱ በኋላ ዳነልሽ።»

«እነማን ከሄዱ?»

«ንቦቹ ናቸዋ። አያቴ ከትምህርት ቤት መቅረትሽን ሲሰማ ‹የሰው ልጅ አልጋ ላይ እየጣልኩ ንብ አላረባም› አለ። አይሱዙ ተከራይተን ወደ ማንኪራ ሰደድናቸው፣ ወንድሙ ጋ። አሁን በነፃነት ማለፍ ትችያለሽ።»

ደስ ብሎት ነው የነገራት። ስጦታ እንደሚሰጥ ሰው።

ምን ልትል ትችላለች? ክንዷ ድኗል። ንቦቹ በሄዱ ሳምንት ክንዷ ድኗል። እሷ እንኳ ያን ያህል አሳምራ ልትዋሽ አትችልም ነበር፣ ቆዳዋ ራሱ መሰከረላት።

ከትምህርት በኋላ እግሯ ወደዚያ ግቢ ወሰዳት። የአጥሩ በር ገርበብ ብሏል። ጋሽ ባፈና እንሰቱ ሥር ዱካ ላይ ተቀምጠዋል፣ ፊታቸውን ወደ ባዶዎቹ ድንጋዮች አዙረው። ቀፎዎቹ የነበሩበት ቦታ ሣሩ በአራት ማዕዘን ቢጫ ሆኖ ቀርቷል።

«ማነው?»

«ኑኃሚን ነኝ፣ ጋሽ ባፈና። የልዑልቃል የክፍል ጓደኛ።»

«ያቺ የተነደፈችው?»

«አዎ።»

«ነይ ቅረቢ። እጅሽን ስጪኝ።»

ሰጠቻቸው። ሻካራ ጣታቸውን በቀስታ ክንዷ ላይ አሳለፉት፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች። «ለስልሷል። እግዜር ይመስገን። ቅባቱን ተቀባሽ?»

«ተቀባሁ።»

«እኔን ይቅር በይኝ፣ ልጄ። ሰው አይነኩም እል ነበር እኮ። ለጎረቤቱ ሁሉ፣ ለህይወትም፣ ‹አትፍሩ፣ ሰው አይነኩም፣ እኔ አውቃቸዋለሁ› እል ነበር። ልጅ እየነደፉ እኔ ቁጭ ብዬ አውቃቸዋለሁ እላለሁ።» ሳቅ ለማለት ሞከሩ፣ አልወጣላቸውም። «ስሰማቸው ደህና ነበሩ። ቁጣ አልነበራቸውም። እንዲህ ጆሮዬን አድርጌ። ለካ ጆሮዬም ሄዷል። ዓይኔ ሲሄድ ጆሮ አለኝ ብዬ ነበር።»

ኑኃሚን እጇን ለመውሰድ አልቻለችም፣ ለመተውም አልቻለችም።

«ይሰማሻል?» አሉ።

መጀመሪያ ምንም አልሰማችም። ከዚያ ሰማች። አንደኛው ድንጋይ ላይ የጡጫ ያህል ንብ ተጣብቆ ቀጭን ድምፅ ያሰማል።

«ሹፌሩ ቸኮለ። ሳይመሽ ነው የጫናቸው። ንብ ሲመሽ ነው የሚጫነው፣ ሁሉም ሲገባ። አበባ ፍለጋ የወጡት ገና አልተመለሱም ነበር። ሲመለሱ ቤት የለም። ይኸው እስኪያልቁ ድረስ እዚህ ይጠብቃሉ።»

«እዚያስ፣ ማንኪራ ያሉት?»

«ወንድሜም እንደኔው ሽማግሌ ነው፣ አይችላቸውም። ቅዳሜ አንድ ነጋዴ ከሺሺንዳ ከተማ መጥቶ ከነቀፎው ይወስዳቸዋል። ይሻላል።» ጣታቸውን ከክንዷ ላይ አንስተው ጉልበታቸው ላይ አሳረፉት። «አንቺ ዳንሽ አይደል? ይሻላል።»

መንገድ ላይ አለቀሰች። በእጅጌዋ ጠረገችው። አዲሱ ገበር ለስላሳ ነው፣ ያም አስለቀሳት።

ብርቅዬ በራሷ ቤት ደረጃ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ሰማች። በዚህ ጊዜ አልሳቀችም። ቆሎ እየበላች ነበር፣ ተወችው።

«ዝም በይ» አለች መጨረሻ ላይ።

«እንዴት ዝም እላለሁ?»

«ኑሚ፣ ስሚኝ። አንቺ ድነሻል። ልጁ ይወድሻል። ንቦቹ ሄደዋል፣ አልሞቱም፣ ሰው ይዟቸዋል። ሽማግሌውም ዕድሜያቸው ነው፣ ዛሬ ባይሆን ነገ ይተዉታል። ብትናገሪ ምን ይሆናል? ‹ንቦች አይደሉም፣ ችፌ ነው፣ ደግሞ ቅባትህ ነው ያባሰብኝ› ልትዪው ነው? ልዑልቃል ዳግመኛ እጅሽን የሚይዝ ይመስልሻል?»

«አይተላለፍም እኮ።»

«ማን ስለ መተላለፍ አወራ? ስለ ውሸቱ ነው የማወራው።»

ብርቅዬ ክፉ አይደለችም፣ ያለችውም ነገር ሁሉ ትክክል ነበር፣ ለዚህ ነው ኑኃሚንን ያበገናት። ብቻ አንድ ነገር ብርቅዬ አልሰማችም። ያን ቀጭን ድምፅ።

ዓርብ ጠዋት ስትነሳ ግራ አንጓዋ ላይ ቀይ ነጥብ ነጥብ አለ። የጽጌረዳ ሳሙና የለም፣ የፈላ ውሃ የለም፣ ሹራቡ ገበር አለው፣ የጋሽ ባፈናን ቅባት ከነካች ሳምንት አልፏል። ቁጭ ብላ አየችው። የሲስተር አብርሆት «እሺ፣ ምንም» ትዝ አላት። ቫዝሊኗን ተቀባች። ሹራቡን ለበሰች። እጅጌውን እስከ ጣቷ አወረደችው፣ እንደ ድሮው።

ከቤት ስትወጣ ጉም ነበር፣ ቀዝቃዛ፣ የመንገዱ ዛፎች ወገባቸው ድረስ ብቻ የሚታዩበት። ከገበያው በላይ ባለው መንገድ ሄደች። እዚያ አጥር ጋ ስትደርስ ቆመች። ቆርቆሮው ኪሷ ውስጥ አለ፣ የሱ ጣት ያለፈበት ቦታ አሁንም አለበት። ነገ ቅዳሜ ነው፣ ነጋዴው የሚመጣበት ቀን።

ሹራቡን አወለቀችና ወገቧ ላይ አሰረችው። ብርዱ ባዶ ክንዷን ነካው። ቆርቆሮውን ከኪሷ አውጥታ ጨበጠችና በሩን አንኳኳች።

የከፈተላት ልዑልቃል ነው፣ ቦርሳውን አንግቶ፣ ዳቦ እያኘከ። ሲያያት ዓይኑ በራ። «አብረን እንሂድ ልትዪኝ ነው?» አለና እጁን ዘረጋላት፣ መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ፣ ልክ እንደዚያ ቀን ቧንቧው ጋ። ከዚያ አንጓዋን አየ። ማኘኩን ተወ።

«ኑኃሚን» አለ ቀስ ብሎ። «ንቦቹ እኮ የሉም።»

ከእንሰቱ ሥር የጋሽ ባፈና ድምፅ መጣ። «ማነው፣ ልዑል? ማን መጣ?»

እጁ አሁንም እንደተዘረጋ ነው። ኑኃሚን እጇን ገና አልሰጠችውም፣ ግን ክንዷንም አልሸሸገችም። እጅጌ የለም፣ ቆርቆሮው መዳፏ ውስጥ ሞቋል፣ አፏን ከፍታለች፣ የመጀመሪያዋ ቃል ምላሷ ላይ ነች።

እስቲ እናንተ ንገሩኝ። እዚያ በር ላይ የቆማችሁት እናንተ ብትሆኑ፣ መጀመሪያ ለማን ነበር የምትነግሩት? እጁን ለዘረጋው ልጅ ወይስ ጆሯቸውን ማመን ለተዉት ሽማግሌ? ደግሞስ፣ ከየትኛዋ ቃል ትጀምሩ ነበር?